የጉድጓድ ውሃ ክሎሪን ፓምፕ ሲያስቸግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በገላን ዙሪያ የከተማው ውሃ ያልደረሰበት ወይም አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚልበት ግቢ ብዙ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ የቤት ባለቤቶች ማህበሩም ጉድጓድ አስቆፍሮ በራሱ ውሃ ይኖራል። ከጉድጓዱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍል ግድግዳ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ ፓምፕ ተሰቅሏል። ከበርሜል ክሎሪን እየሳበ ወደ መስመሩ ጠብ ጠብ የሚያደርገው እሱ ነው። ባለሙያዎች ዶዚንግ ፓምፕ ይሉታል። እስኪያስቸግር ድረስ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የግቢው ሰው ሁሉ ጤና ግን እሱ ላይ ነው።

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከጥበቃዎች፣ ከግቢ ኃላፊዎችና ከቧንቧ ሠራተኞች በተደጋጋሚ የሚመጡልኝ ናቸው። ወደ እነሱ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ፓምፑ ቲክ ቲክ ስላለ ክሎሪን ገብቷል ማለት አይደለም። መግባቱን የሚነግሯችሁ ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ከበርሜሉ የጎደለው መጠንና ከግቢው የመጨረሻ ቧንቧ ላይ የተለካው ክሎሪን።

ፓምፑ ይሠራል፣ ድምፁም ይሰማል፤ ቧንቧው ላይ ግን ክሎሪን የለም። ምን ሆኖ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አየር ይዞት ነው።

ፓምፑ ውስጥ ዲያፍራም የሚባል ክብ ጎማ አለ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተገፋ በየምቱ ጥቂት ፈሳሽ ይልካል። ከላይና ከታች ያሉት ትንንሽ ኳሶች ፈሳሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ፈሳሽ ሲገፋ ይሄዳል። አየር ግን ሲጫኑት ይጨመቃል፣ ሲለቁት ይነፋል፤ ኳሶቹ ሳይነሱ ፓምፑ በባዶ ሲመታ ይውላል።

አየሩ ከየት መጣ? በርሜሉ ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል። የመሳቢያው ቱቦ ተሰንጥቆም ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛ ምክንያት ደግሞ አለ። ክሎሪን በፈሳሽ መልክ ሲቀመጥ ራሱ ቀስ በቀስ እየፈረሰ ጋዝ ይለቃል። ፀሐይ ሲያገኘው ይብስበታል። በዚህ ላይ ያለነው ከፍታ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፓምፕ ፈሳሽ ወደ ላይ የሚስበው በአየር ግፊት እየታገዘ ስለሆነ፣ መመሪያው ላይ «እስከ ሁለት ሜትር ይስባል» የተባለው እኛ ጋ ሲደርስ ይቀንሳል። ጋዙም በቀላሉ አረፋ ይሠራል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ጓንትና መነጽር አድርጉ። የፓምፑ ራስ ላይ አየር ማስወጫ ቁልፍ አለ፤ ከሱ የምትወጣው ቀጭን ቱቦ ወደ በርሜሉ መመለሷን አረጋግጡ። ቁልፉን ከፈት አድርጉና ፓምፑን በሙሉ አቅሙ አሠሩት። በቱቦዋ ውስጥ አረፋና ፈሳሽ እየተፈራረቁ ሲመጡ ታያላችሁ። አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ሲሆን ዝጉት፤ ቁጥሩንም ወደነበረበት መልሱ። ማስወጫ የሌለው ፓምፕ ከሆነ በትልቅ ስሪንጅ በመውጫው በኩል መሳብ ይቻላል።

አየሩን አስወጣለሁ፤ በማግስቱ ተመልሶ ይይዘዋል። ምን ላድርግ?

እንግዲህ ምንጩን መፈለግ ነው። ከበርሜሉ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ።

የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ማጣሪያ ያለው ፉት ቫልቭ አለ። እሱ የበርሜሉን ወለል መንካት የለበትም፤ ከአምስት እስከ አስር ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ወለሉ ላይ የሚቀመጠው ነጭ ዝቃጭ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ፓምፑ ደግሞ ፈሳሽ ሲያጣ ከየትም ብሎ አየር ይስባል። ቀጥሎ ቱቦው ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበትን ጠምዛዛ ክዳን ተመልከቱ። በክዳኑ ዙሪያ እንደ ጨው የደረቀ ነጭ ነገር ካለ እዚያ ጋ ክፍተት አለ ማለት ነው። ቱቦው ጫፉ ላይ ደርቆ ከተሰነጠቀ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል በስለት ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና መልሳችሁ እሰሩት። በፒንሳ አትጥበቁት፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ በእጅ ጠበቅ ማለቱ ይበቃዋል።

የበርሜሉን ቦታም እዩ። ሱሉልታ አካባቢ ያየሁት አንድ ግቢ በርሜሉን ከቆርቆሮው ክፍል ውጪ ፀሐይ ላይ አስቀምጦት ነበር። ፓምፕ ቢቀየር፣ ቱቦ ቢቀየር ችግሩ አልሄደም። በርሜሉ ጥላ ውስጥ ገብቶ ክዳን ሲደረግለት ሄደ። በርሜሉን ከፓምፑ ሥር አስጠግቶ የመሳቢያውን ቱቦ ማሳጠር ደግሞ በኛ ከፍታ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል።

ዱቄቱን እንዴት ልበጥብጥ?

እኛ ጋ በብዛት የሚገኘው ኤችቲኤች የሚባለው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ከ65 እስከ 70 በመቶ ክሎሪን አለው። 1 በመቶ የሆነ 50 ሊትር ለማዘጋጀት፣ ዱቄቱ 65 በመቶ ከሆነ 770 ግራም ያህል ያስፈልጋል። በሚዛን መዝኑ። «ሁለት ኩባያ» ማለት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዱቄቱ ሲደርቅና ሲረጥብ ኩባያው የሚይዘው ይለያያል።

ሁልጊዜ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ዱቄት። ዱቄት ላይ ውሃ አይፈስም፤ ይግላል፣ ይረጫል፣ ጭሱም ያፍናል። በሌላ ባልዲ በጥብጡና ለጥቂት ሰዓታት አስቀምጡት። ዝቃጩ ሲረጋ ከላይ ያለውን ጥሩውን ብቻ ወደ በርሜሉ አንቆርቁሩት፤ ዝቃጩ ባልዲው ውስጥ ይቅር። የፓምፕ ብልሽት ግማሹ የሚመጣው ይህን ሥራ ከመዝለል ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጥ ክሎሪን ስትገዙ ደግሞ ስሙን አንብቡ። ትራይክሎር የሚባለው ሌላ ኬሚካል ነው። ከኤችቲኤች ጋር በአንድ ዕቃ ከተገናኘ ሊፈነዳ ይችላል። በአንድ መጨለፊያም ሁለቱን አትጨልፉ።

በረኪና መጠቀም ይቻላል?

ሽታ ማሳመሪያ የሌለው፣ መጠኑ የተጻፈበት ከሆነ ለችግር ጊዜ ይሆናል። 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ ሲቀጠን 1 በመቶ ይሰጣችኋል። ግን በረኪና መደርደሪያ ላይ እያለ እየደከመ ይሄዳል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው።

ፓምፑን ስንት ላይ ላድርገው?

ይህ በግምት አይሠራም፤ ስሌቱ ግን ቀላል ነው። የጉድጓዱ ፓምፕ በሰዓት 5,000 ሊትር ይሰጣል እንበል። ለጅማሬ በሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን ብትፈልጉ በሰዓት 10 ግራም ማለት ነው። 1 በመቶው ፈሳሽ በሊትር 10 ግራም ስለያዘ፣ ዶዚንግ ፓምፑ በሰዓት 1 ሊትር መላክ አለበት። 50 ሊትሩ በርሜል የጉድጓዱ ፓምፕ 50 ሰዓት እስኪሠራ ያገለግላል።

አሁን ፓምፑ በእርግጥ 1 ሊትር ይልካል ወይ? የፓምፑ ቁጥር በመቶኛ ነው እንጂ በሊትር አይደለም። መለካት አለባችሁ። 100 ሚሊሊትር የሚይዝ፣ መስመር ያለው ሲሊንደር ውሰዱና ከበርሜሉ ፈሳሽ ሙሉት። የመሳቢያውን ቱቦ ከበርሜሉ አውጥታችሁ እሱ ውስጥ አስገቡት። የጉድጓዱ ፓምፕ እየሠራ፣ መስመሩም ግፊት እያለው ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። 50 ሚሊሊትር ከጎደለ በሰዓት 1 ሊትር ነው። 30 ብቻ ከጎደለ ቁጥሩን ጨምሩና ድገሙት።

ብዙ ሰው መውጫውን ፈትቶ አየር ላይ ይለካል። ያ ያሳስታል። ያለ ግፊት የሚልከውና መስመሩ እየተቃወመው የሚልከው አንድ አይደለም። ለዚህ ነው ከመሳቢያው በኩል ለኩ የምለው።

ስሌቱ መነሻ ብቻ ነው። መጨረሻውን የሚወስነው ቧንቧው ላይ የሚገኘው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም፣ ውሃው ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ ደግሞ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን (ገና ያልተበላ፣ ጀርም መግደል የሚችል ክሎሪን) እንዲኖር ይላል። ለጤና የተቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊግራም ነው፤ ሰው ግን ከዚያ በጣም ባነሰው መጠንም ስለ ሽታው ማማረር ይጀምራል። ያንን 30 ደቂቃ የሚሰጣችሁ ሮቶው ነው። ስለዚህ ክሎሪኑ ውሃው ሮቶ ከመግባቱ በፊት ይግባ እንጂ ከሮቶ ከወጣ በኋላ አይሁን።

ዛሬ ውሃው በክሎሪን ይሸታል፣ ነገ ምንም የለውም። ለምን ይለዋወጣል?

መጀመሪያ ፓምፑ መብራት ከየት እንደሚያገኝ እዩ። ከተራ ሶኬት ከሆነ የጉድጓዱ ፓምፕ ቆሞም እሱ ይመታል። ክሎሪኑ ቆሞ ባለ ውሃ ውስጥ ይጠራቀምና ጠዋት የመጀመሪያው ባልዲ ላይ ይወጣል። በትክክል የሚሠራው ከጉድጓዱ ፓምፕ ኮንታክተር (ፓምፑን የሚያስነሳና የሚያጠፋው የመብራት ማብሪያ) ጋር አብሮ ሲነሳና ሲቆም ነው። ሮቶው ሞልቶ ፍሎቱ ፓምፑን ሲያጠፋ ዶዚንጉም አብሮ ይጠፋል። ይህንን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። የጉድጓዱ ፓምፕ ሦስት ፌዝ ከሆነ፣ ትንሹ ፓምፕ መብራቱን ከአንድ ፌዝና ከኒውትራል ነው የሚወስደው። ከሁለት ፌዝ መካከል ከተወሰደ 380 ቮልት ይደርሰውና ወዲያው ይቃጠላል።

ሁለተኛው መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚፈጠረው ነው። አንዳንድ ዲጂታል ፓምፖች መብራት ሲመለስ ቆመው ነው የሚጠብቁት፤ ሰው ካልነካቸው አይነሱም። ይህንን ለማወቅ ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ ማየት ብቻ ነው። ራሱ የማይነሳ ከሆነ በመመሪያው መሠረት አስተካክሉት። ካልሆነም መብራት በተመለሰ ቁጥር ማን እንደሚያስነሳው በስም ወስኑ። ቮልቴጁ በሚወዛወዝበት ሰፈር ደግሞ ትንሽ ስታቢላይዘር የፓምፑን ኤሌክትሮኒክ ካርድ ከመቃጠል ያድነዋል።

ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ፓምፑ ጠፍቶም በርሜሉ ይጎድላል። የጉድጓዱ ፓምፕ ሲቆም በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታች ሲመለስ መስመሩ ክሎሪኑን እየሳበ ይወስደዋል። በርሜሉ ክሎሪኑ ከሚገባበት ቦታ ከፍ ብሎ ከተቀመጠም እንዲሁ በራሱ ይወርዳል። ማታ በርሜሉ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ፤ ጠዋት ከመስመሩ ከወረደ ምክንያቱ ይኸው ነው። መግቢያው ላይ ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው ቫልቭ ያስፈልጋል፤ በርሜሉም ዝቅ ይበል። ይህ ካልተስተካከለ ሰው ላይ ሊደርስ የሚችለው ከመጠን ያለፈ ክሎሪን ነውና ለነገ አትበሉ።

ክሎሪኑ መስመሩን የሚቀላቀልበት ቦታ በነጭ ድንጋይ ይደፈናል። እንዴት ላጽዳው?

ብዙ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም አለው። ክሎሪኑ ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ጠባብ ቀዳዳ ላይ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ምልክቱ ይታወቃል፤ ፓምፑ ድምፁ ይከብዳል፣ የመውጫው ቱቦ በየምቱ ይንቀጠቀጣል፣ በርሜሉ ግን አይጎድልም።

ድንጋዩን የሚያሟሟው አሲድ ነው፤ አቼቶ ይበቃል። ግን ይህንን በደንብ አንብቡልኝ። አሲድና ክሎሪን ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሊገድል የሚችል ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዘለልም። የጉድጓዱን ፓምፕና ዶዚንጉን ከመብራት አላቅቁ። የመስመሩን ግፊት አስወጡ። ክሎሪኑ በሚገባበት ቦታ ያለውን ቫልቭ ፈትታችሁ ወደ ውጭ አውጡት። የክሎሪን ሽታ እስኪጠፋ በብዙ ንጹህ ውሃ እጠቡት። ከዚያ በኋላ ብቻ አየር ባለበት ቦታ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት። ትንንሽ አረፋ ሲያወጣ ድንጋዩ እየሟሟ ነው፤ ሲያቆም ቅርፊቱ በጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ከመመለሳችሁ በፊት ደግማችሁ በውሃ እጠቡት። በፓምፑ በኩል አቼቶ እየሳባችሁ ለማጽዳት አትሞክሩ፤ ውስጡ ክሎሪን አለ።

በሽቦ አትቆርቁሩት፤ መቀመጫው ከተጫረ አይዘጋም። ቫልቩ የተገጠመው ከቧንቧው ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ወደ ውሃው መሐል ገባ እንዲል አድርጉ። እዚያ ውሃው ስለሚሮጥ ድንጋዩ ቶሎ አይጋገርም።

ፓምፑ ከጀርባው ያንጠባጥባል።

ከፓምፑ ራስ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ የተሠራችው ለዚህ ነው። ከዚያ ጠብታ ከወጣ ዲያፍራሙ ተቀዷል። አጥፉት፤ ክሎሪኑ ወደ ሞተሩ ከዘለቀ ፓምፑም ያበቃለታል። ዲያፍራሙን ስትገዙ ኳሶቹንና ቀለበቶቹንም አብራችሁ ግዙ፤ ለክሎሪን የሚሆን ጎማ መሆኑንም ጠይቁ።

ስለካው ቀለም የለውም፤ ውሃው ግን በጣም ይሸታል። የክሎሪን መለኪያ ኪቱ ተበላሽቶ ነው?

ላይሆን ይችላል። ዲፒዲ የሚባለው ኪኒን ክሎሪን ሲያገኝ ሮዝ ይሆናል። ክሎሪኑ እጅግ ሲበዛ ግን ሮዙን ራሱን ያነጣዋል። ኪኒኗ ስትሟሟ ለቅጽበት ሮዝ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ውሃው መልሶ እንደ ንጹህ ውሃ ይሆናል። «ክሎሪን የለም» ብሎ ቁጥሩን የሚጨምር ሰው ነገሩን ያባብሰዋል።

አንድ እጅ ከዚያ ውሃ፣ ዘጠኝ እጅ ክሎሪን ከሌለው የታሸገ ውሃ ቀላቅሉና እንደገና ለኩ። ሮዝ ከሆነ ያነበባችሁትን በአስር አባዙት።

ክሎሪን ማስገባት ስንጀምር ውሃው ቡናማ ሆነ።

ጉድጓዱ ብረት አለው ማለት ነው። ብረቱ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ስለነበር አይታይም ነበር፤ ክሎሪኑ ዝገት አድርጎ አወጣው። ማንጋኒዝ ከሆነ ወደ ጥቁር ያደላል። ብረቱ ክሎሪኑንም ይበላዋል፤ ስለዚህ መጠኑ ቢጨመርም ቧንቧው ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። ውሃውን ላብራቶሪ አስመርምሩና ከሮቶው በኋላ የብረት ማጣሪያ አስገጥሙ። ክሎሪኑን ማቆም መፍትሔ አይደለም።

ክረምት ላይ ለየት ያለ ነገር ያስፈልጋል?

አዎ። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎርፉና የመጸዳጃ ጉድጓዱ ፍሳሽ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል፤ በተለይ የእጅ ጉድጓድ ሲሆንና ቤቶቹ ተጠጋግተው ሲሠሩ። ያው መጠን ክሎሪን ይገባል፤ ቆሻሻው ስለሚበላው ቧንቧው ላይ የሚቀረው ይቀንሳል። በበጋ በሳምንት አንዴ የምትለኩ ከሆነ በክረምት በየቀኑ ለኩ። ውሃው ከደፈረሰ ክሎሪን ብቻውን አይበቃም፤ እስኪጠራ ድረስ ለመጠጥ አፍሉት።

ክሎሪኑ ልክ ከሆነ ውሃው ከሁሉም ነገር ነፃ ነው?

አይደለም። ክሎሪን የኮሌራንና የታይፎይድን ባክቴሪያ ይገድላል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ግን በዚህ መጠን አይገድለውም። ፍሎራይድንና ናይትሬትንም አይነካም፤ ናይትሬት ደግሞ ለሕፃናት አደገኛ ነው፤ በማፍላትም አይወጣም። እነዚህ የሚታወቁት በላብራቶሪ ብቻ ነው።

ኤችቲኤቹን ጄኔሬተር ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል?

በፍጹም። ዱቄቱ ነዳጅ፣ ዘይት ወይም ቅባት ከነካው ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ጭሱም ብረት ያዝጋል፤ ኮንታክተሩንና የፓነሉን ሽቦዎች ይበላል። ደረቅ፣ አየር የሚገባበት፣ ቁልፍ ያለው ለብቻው የሆነ ቦታ ይሁን። ልጆች ካሉበት ግቢ ቁልፉ በር ላይ አይንጠልጠል።

ግቢ ውስጥ ምን መለዋወጫ ይኑረን?

አንድ ዲያፍራም፣ የኳስና የቀለበት ስብስብ፣ አንድ ፉት ቫልቭ፣ አንድ ሙሉ የመግቢያ ቫልቭ፣ ሦስት ሜትር ያህል ቱቦና ሁለት ፊውዝ። የፓምፑን ሞዴል ቁጥር ከጎኑ ካለው ወረቀት ላይ በስልክ ፎቶ አንሱት። መርካቶ ሄዶ «ለሰማያዊው ፓምፕ የሚሆን» ከማለት ፎቶውን ማሳየት ይሻላል፤ ዲያፍራሞቹ በሚሊሜትር ይለያያሉና። ከፓምፑ አጠገብም አንድ ደብተር በገመድ ይታሰር። ቀን፣ የበርሜሉ መጠን፣ የመጨረሻው ቧንቧ ልኬት፣ የለካው ሰው ስም። ጥበቃ ሲቀየር አዲሱ ሰው መጀመሪያ የሚረከበው ደብተሩን ይሁን።